ሕመሙ ቆሟል፣ የኩላሊት ጠጠሩ ግን አልተገኘም፤ ምን ይሻላል?

ጤና ይስጥልን። የሽንት ቧንቧ ሕክምና የምታውቁ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ምክራችሁን ለግሱን።

ታካሚው የ38 ዓመት ወንድ ነው። ከግራ ጎኑ ተነስቶ ወደ ብሽሽቱ የሚወርድ ከባድ ቁርጠት፣ ማስመለስና ደም የቀላቀለ ሽንት ነበረው። ሲቲ ስካን ፊኛው መግቢያ አጠገብ 6 ሚሊ ሜትር ጠጠር አሳየ። ለሕመሙ ዲክሎፌናክ፣ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደውን ቱቦ ለማላላት ደግሞ በቀን አንዴ 0.4 ሚሊ ግራም ታምሱሎሲን ተሰጠው፤ ጠጠሩ ሲወጣ እንዲያዝ ሽንቱን በሻይ ማጥለያ ያጠልላል።

በ12ኛው ቀን ሕመሙ ድንገት ጠፋ። ማጥለያው ላይ ግን አሸዋ የሚያክል እንኳ አልቀረም። ሌሊት ሁለቴ ሳያጠልል ሸንቷል፤ ያኔ አምልጦ ሊሆን ይችላል። የሚያስጨንቀን ሌላው ነው፦ ሕመም ስለቆመ ብቻ ጠጠሩ ወጥቷል አይባልም። ቱቦው እንደተደፈነ ከቆየ ኩላሊቱ ምንም ሳያም ይጎዳል።

አሁን 4ኛው ሳምንት ነው። አልትራሳውንድ ኩላሊቱ በመጠኑ ውሃ መቋጠሩን አሳይቷል፣ ጠጠሩን ግን አላገኘውም፤ የተሠራውም ፊኛው ባዶ ሳለ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ደግሞ ፊኛው አጠገብ ያለ ጠጠር በደንብ አይታይም። የኩላሊትን ሥራ የሚለካው የደም ምርመራ (ክሬቲኒን) 1.1 ነው፣ ትኩሳት የለም። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል እንዲሄድ ነግረነዋል።

ፊኛው ሞልቶ አልትራሳውንዱ ይደገም ወይስ በቀጥታ ጨረሩ አነስተኛ የሆነ ሲቲ ስካን ይሠራ? መጀመሪያ ራጅ ስላልተነሳ ማነጻጸሪያ የለንም፤ ጠጠሩ የዩሪክ አሲድ ከሆነም ራጅ ላይ አይታይም። ጠጠሩ አሁንም ካለስ፣ እስከ 6ኛው ሳምንት እንጠብቅ ወይስ ዛሬውኑ ለማስወጣት እንላከው?