ኮምቦልቻ ያለውን ቢሮ ደሴ ካለው ሰርቨር ጋር እንዴት ላገናኝ?

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ የግንባታ ዕቃ መደብር አለን። የሂሳብና የስቶክ ፕሮግራሙ እዚያው ሰርቨር ላይ ነው። አሁን ኮምቦልቻ መጋዘን ከፈትን። ቪፒኤን (ሁለቱን ቢሮ በኢንተርኔት ላይ የሚያገናኝ የግል መስመር) ዘርግቼ የፕሮግራሙን ፋይል ከኮምቦልቻ በቀጥታ እከፍታለሁ። አንድ ደረሰኝ እስኪከፈት የቀዳሁት ሻይ ይቀዘቅዛል። ትናንት ደግሞ መስመር ተቆርጦ ዳታው ተበላሸ። እህቴ ዳታውን በፍላሽ ይዛ በመሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ስትወርድ ሳይ አንጀቴን ትበላኛለች። እባካችሁ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ፋይሉን በመስመር አትጎትት። እንዲህ ያለው ፕሮግራም አንድ መዝገብ ለማሳየት ከሰርቨሩ ጋር ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። በሪሞት ዴስክቶፕ ግባ። ያኔ ፕሮግራሙ ደሴ ላይ ይሠራል፤ ኮምቦልቻ የሚደርሰው የስክሪኑ ምስል ብቻ ነው። መስመር ቢቆረጥም የጀመርከው ሥራ እዚያው ይቆይሃል። ቪፒኤኑን ግን እንዳታነሳ! የሪሞት ዴስክቶፕ መግቢያ የሆነውን 3389 ፖርትን ለኢንተርኔት ከፍቶ መተው በር ሳይዘጉ እንደ መተኛት ነው።

መልስ፦
ትክክል። ዊንዶውስ ሰርቨር ያለ ተጨማሪ ፈቃድ (ላይሰንስ) በሪሞት ዴስክቶፕ በአንድ ጊዜ የሚያስገባው 2 ሰው ብቻ ነው፣ እሱንም ለአስተዳደር ሥራ። ስለዚህ ለሠራተኞቹ ፈቃድ ግዛ። የራውተሮቹንም አድራሻ እይ፤ የሁለቱም ቢሮ አድራሻ በ192.168.1 የሚጀምር ከሆነ ይጋጫሉ። የኮምቦልቻውን 192.168.20 አድርገው።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ! አድራሻው እውነትም አንድ ዓይነት ነበር፣ ቀየርኩት። በሪሞት ዴስክቶፕ ስሞክር ደረሰኙ ወዲያው ተከፈተ። እህቴን አሁኑኑ ደውዬ ነገ እንዳትመጣ ነገርኳት። ፈቃዱን ሰኞ እጠይቃለሁ።

መልስ፦
ባካፑን (የዳታውን ቅጂ) አትርሳ። ማታ ማታ ከሰርቨሩ ውጭ ሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ እንዳይጎዳም ለሰርቨሩም ለራውተሩም ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) አድርግ።