የፍሬም ፍጥነታቸው የተለያየ ቪዲዮዎችን በአንድ ላይ ስለማቀናበር የቀረበ ጥያቄ

ሙያው ያላችሁ ወገኖች ምክራችሁን እንድትለግሱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የማቀናብረው የሠርግ ቪዲዮ በሦስት መሣሪያዎች የተቀረጸ ነው። ዋናው ካሜራ በሰከንድ 25 ፍሬም (ቪዲዮው የሚሠራባቸው ተከታታይ ምስሎች)፣ ከአሜሪካ የመጡት ዘመዶች ካሜራ 29.97 ሲሆን፣ የሙሽራዋ እህት ስልክ ግን 30 ይባል እንጂ የቪዲዮ ፋይልን ዝርዝር መረጃ በሚያሳየው ሚዲያኢንፎ በተባለው ፕሮግራም ስመረምረው ብርሃን በደከመበት አዳራሽ እስከ 24 የሚወርድ ተለዋዋጭ ፍጥነት ያለው ሆኖ አገኘሁት።

ሁሉንም ወደ 25 ለውጬ ሳወጣ፣ ከአሜሪካው ካሜራ በየሰከንዱ አምስት ያህል ፍሬም ስለሚጣል፣ ካሜራው ወደ ጎን በዞረ ቁጥር ምስሉ ይዘላል። ፍሬሞችን የማዋሃድ ምርጫውን ስጠቀም መዝለሉ ይቀርና እስክስታ የሚመቱት ሰዎች ትከሻ ድርብ ሆኖ ይታያል፤ ይህ ለእኔ ከመዝለሉም የባሰ ነው።

ከሁሉ ያስቸገረኝ የስልኩ ቅጂ ነው። መጀመሪያ ላይ ድምፁና ምስሉ እኩል ይሄዳሉ፤ እየቆየ ግን ጭብጨባው ከእጆቹ ዘግይቶ ይሰማል። የድምፁ የናሙና ፍጥነት (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) እንደሌሎቹ 48 ኪሎኸርዝ ስለሆነ ምክንያቱ እሱ አይመስለኝም። መዘግየቱም እያደገ የሚሄድ በመሆኑ ድምፁን በአንድ ጊዜ ወደፊት መሳብ አይፈታውም።

ስለዚህ የስልኩን ቅጂ ከማቀናበሬ በፊት ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው የቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም ወደ ቋሚ 30 ብለውጠው ድምፁ ይስተካከላል? ከዚህ ለውጥ የሚገኘውን መካከለኛ ፋይል ፕሮሬስ በተባለው ለማቀናበር በሚያገለግል የቪዲዮ ቅርጸት ማስቀመጥስ ለመጠኑ መተለቅ የሚያበቃ የጥራት ጥቅም አለው? ባለቤቶቹ የሚያዩት በዩቲዩብና በፍላሽ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝተው ነው፤ አብዛኛው ቀረጻ ግን የ25 ነውና፣ የመጨረሻውን ፋይል በ25 ላውጣው ወይስ በ29.97? ኮምፒውተሬ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ ስላለው፣ አዳዲስ ፍሬሞችን አስልተው የሚፈጥሩ ከባድ ዘዴዎችን አይችልም።