«ትንሽ ትወና» ያለበት ፊልም ዶክመንተሪ ነው?

ሻይ በሎሚ፦ ትናንት አንዱ «የሶም ጦርነት» የሚባለውን፣ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የተሠራ የ1916 የእንግሊዝ ድምፅ አልባ ፊልም ለጥፎ «ትንሽ ትወና ቢኖርበትም እውነተኛ ዶክመንተሪ ነው» ብሎን ሄደ። ደሜ ፈላ። ወታደሮቹ ከምሽግ ዘለው ሲወጡ የሚታየው ያ ታዋቂ ትዕይንት እኮ ከግንባሩ ኋላ፣ ማሰልጠኛ ውስጥ የተቀረጸ ነው! «ሞተ» የተባለው አንዱ ከወደቀ በኋላ እግሩን አመቻችቶ ያጣምራል። ሬሳ እግሩን ያጣምራል እንዴ?

የድሮ ፊልም፦ «አንዱ» እኔ ነኝ። ፊልሙ ከ70 ደቂቃ በላይ ነው፣ አንተ የያዝከው ጥቂት ሴኮንድ። ሐውቶርን ሪጅ በሚባለው ኮረብታ ላይ ጁላይ 1 ከጠዋቱ 1፡20 በጀርመኖች ምሽግ ስር የፈነዳው ፈንጂስ? ቀራጩ ማሊንስ ካሜራውን በእጁ እየዘወረ ያስቀረው ነው። እሱም ትወና ነው? ዩኔስኮ በ2005 የመዘገበው በከንቱ ነው?

ሻይ በሎሚ፦ ዩኔስኮ ስለመዘገበው ሬሳው እግሩን ይፈታል? «ትንሽ ትወና» ማለት ትንሽ ውሃ የነካው ወተት ማለት ነው።

ቡና ጠጪ፦ እኛ ሰፈር የሚሸጠው እሱ ነው፣ እንጠጣዋለን።

እናት ዓለም፦ የቆሰለ ጓደኛውን አዝሎ ምሽጉን ይዞ ወደ ካሜራው የሚመጣውን ልጅ አይታችኋል? ያዘለው ሰው ከ30 ደቂቃ በኋላ እንደሞተ ፊልሙ ላይ ያለው ጽሑፍ ይናገራል። ያን ጊዜ ስንቱ ሲኒማ የገባው የራሱን ልጅ ፍለጋ ነበር። እናንተ ወተት ታወራላችሁ።

ሻይ በሎሚ፦ እኔም የተናደድኩት ለዚሁ ነው እናትዬ። እውነተኛ ሞት እያለ የውሸቱን ምን አመጣው?

የድሮ ፊልም፦ እስቲ አንተ ያን ከባድ ካሜራ በሦስት እግሩ አቁመህ ከምሽግ በላይ ብቅ በል። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከእንግሊዝ ጦር ከ19,000 በላይ ሰው ሞቷል።

ሻይ በሎሚ፦ አልቻልኩም ይበላ! ያልቻለ ሰው ይፈበርካል?

ሰባተኛው፦ ቆይ፣ 1916 በማን አቆጣጠር ነው? በኛ ከሆነ እኮ ትናንት ነው።

ቡና ጠጪ፦ በፈረንጅ ነዋ። በኛ ነሐሴ 1908፣ የሰገሌ ጦርነት ሊደርስ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው።

ሰባተኛው፦ ሰገሌን ምን አስነሳህ? አሁን የንጉሥ ሚካኤል ወገን ሊመጣብን ነው።

ወሎዬው፦ መጥቻለሁ። ምን ነበር?

ሻይ በሎሚ፦ ሰገሌን ተዉትና እግሩን ያጣመረውን ሬሳ መልሱልኝ።

የድሮ ፊልም፦ ደክሞት ይሆናላ።