ክርክር፦ ለሴት ተማሪዎች መጽሐፍ ይቅደም ወይስ ሞዴስ?

አስተባባሪ፦ የቀድሞ ተማሪዎች ለትምህርት ቤታችን ሴት ልጆች ያዋጣነው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚበቃው። ሞዴስ ይገዛበት ወይስ ስለ ወር አበባ የሚያስረዳ መጽሐፍ ይታተምበት? ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ አቅርቡ።

ነርሷ፦ እኔ ለሞዴሱ ነኝ። ቀሚሷ ላይ ደም የታየባት ልጅ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ከክፍል ስትወጣ አይቻለሁ፤ በዚያች ሰዓት መጽሐፍ ምን ይፈይድላታል? ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታጥቦ ደግሞ ለሚያገለግል ሞዴስ የፈጠራ መብት ያገኙት፣ በ2009 መቀሌ ላይ ፋብሪካ የከፈቱት፣ በ2019ም ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ የሸለማቸው መጽሐፍ ጽፈው ሳይሆን ጨርቅ ሰፍተው ነው።

ጡረተኛው የባዮሎጂ መምህር፦ ልጄ፣ የጠቀስሻቸው ሴት ታሪክ ለእኔም ይመሰክራል። በ13 ዓመታቸው የመጀመሪያውን የወር አበባ ሲያዩ ቀድሞ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ እንደ እርግማን ቆጥረው ደበቁት፤ ሞዴሱ ለየትምህርት ቤቱ ሲታደልም ለሴቱም ለወንዱም ትምህርት አብሮ እንዲሰጥ የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። የነገሩ ሥር ስያሜው ላይ ይመስለኛል። የቤተ ክህነት ሰዎች «ልማደ አንስት» ይሉታል፤ ቤተ እስራኤላውያን በኢትዮጵያ ሳሉ ሴቶቹ በዚያ ወቅት ተለይተው የሚቆዩበትን ቤት «የመርገም ጎጆ» ብለው ይጠሩት ነበር፤ በብዙ ቤት ደግሞ ከነጭራሹ ስም አይጠራም። ይህን አመለካከት ጨርቅ ብቻውን አይለውጠውም። ማርኒ ሶመር የተባሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ምሁር በታንዛኒያ ያዘጋጁት የጉርምስና መጽሐፍ ብርታቱ፣ ልጃገረዶቹ ራሳቸው የመጀመሪያ ቀናቸውን የተረኩባቸውን ታሪኮች መያዙ ነው፤ የኢትዮጵያ እትምም ወጥቶለታል። የእኩያዋን ታሪክ ያነበበች ልጅ ብቻዋን እንዳልሆነች ታውቃለች።

የሁለት ሴት ልጆች አባት፦ ከጋሼ ጋር ነኝ፤ የእኔ ምክንያት ግን ተራ ነው። ለትልቋ ልጄ በቃል ልነግራት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ወሬውን ወደ ፈተና ውጤት አዞርኩት። መጽሐፍ ቢኖር ኖሮ ጠረጴዛ ላይ ትቼላት እወጣ ነበር። በሕንድ አዲቲ ጉፕታና ባለቤቷ ያዘጋጁት የሥዕል መጽሐፍ አንዲት ሐኪም ለልጃገረዶች ስታስረዳ ያሳያል፤ ለእንደኔ ዓይነቱ ፈሪ ወላጅ የሚሆን ዘዴ ነው።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ስለ ስያሜው ያሉትን እቀበላለሁ። ሆኖም በብዙ ትምህርት ቤት የተለገሰ መጽሐፍ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ አቧራ ሲጠጣ እንደሚኖር እርስዎም ያውቃሉ፤ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ ከሌለው ደግሞ ስለ ንጽሕና የሚያስተምር ገጽ መሳለቂያ ይሆናል።

ጡረተኛው መምህር፦ ስለ ቁም ሣጥኑ ልክ ነሽ፤ ቁልፉ በሴቶቹ ክበብ እጅ ይሁን። ውሃውን ግን ይህ መዋጮ በየትኛውም መንገድ አያመጣውም። የገዛነው ሞዴስ አልቆ ልጆቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ሲመለሱ መጽሐፉ ለታናሾቻቸው ይተላለፋል፤ መጨረሻው ላይም የጨርቅ ሞዴስ አሰፋፍ በሥዕል ይግባበት።

ነርሷ፦ ያ ገጽ ከገባ እስማማለሁ፤ የጨርቁ፣ የመርፌውና የክሩ ዋጋ ግን ከማተሚያው ሒሳብ ላይ ተቀንሶ አስቀድሞ ይቀመጥ።

አስተባባሪ፦ የማተሚያ ቤቱ ዋጋ ሲመጣ ሁለቱንም ሒሳብ አቀርባለሁ።