የተሰረዘው የኮንዶሚኒየም ዕጣ፦ እምነት መለሰ ወይስ ጨርሶ ገደለ?

ሐሳብ አቅራቢ፦ የዛሬው መከራከሪያችን ይቺ ናት። ሐምሌ 1 ቀን 2014 አዲስ አበባ ላይ የ25,791 ኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጣ፤ በቀናት ውስጥ ተሰረዘ። በባንክ መረጃ ብቁ የሆኑት ቆጣቢዎች 79 ሺህ ገደማ ሆነው ሳለ፣ ዕጣ ማውጫው ሲስተም ውስጥ ወደ 172 ሺህ ስም ገብቶ ተገኘ። ሰዎች ታሰሩ፤ ኅዳር 2015 ዕጣው እንደ አዲስ ወጣ። እኔ የገዛ ቤቱን ሌባ ያጋለጠ አስተዳደር ይበልጥ ይታመናል ባይ ነኝ። የማይስማማ ይምጣ።

ቆጣቢ 2005፦ መጣሁ። በመጀመሪያው ዕጣ ስሜ ወጥቶ ነበር። ልጆቼ እልል አሉ፣ ጎረቤት ቡና ተጠራ። ፈንዲሻው ከቄጤማው ላይ ሳይጠረግ ተሰረዘ ተባለ። በሁለተኛው ስሜ የለም። የቱን ልመን? ያኛውም እኮ በቴሌቪዥን እየታየ ነው የወጣው።

ልጅ ሸገር፦ ደግሞ ተጋለጠ ተጋለጠ አትበሉን። ከእጥፍ በላይ ስም መጨመር የጅል ስርቆት ነው። ሁለት መቶ ስም ብቻ ሸጎጥ አድርገው ቢሆን ማን ያውቅባቸው ነበር?

መስኮት 4፦ እኔ ወረዳ ነው የምሠራው። እነሱ በበሉት እኛ ነን የምንሰደበው። ባለፈው አንድ አባት ፋይላቸው ውስጥ 200 ብር አጣጥፈው ሰጡኝ። ምንም አልጠየቅኳቸውም! ስመልስላቸው ደንገጥ ብለው «አነሰ እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

ልጅ ሸገር፦ ይፈረድባቸዋል? መታወቂያ ላሳድስ ሄጄ ሦስት ቀን «ሲስተም የለም» ተባልኩ። በር ላይ የቆመ ደላላ አንድ ስልክ ደወለ፣ ሲስተሙ መጣ።

መስኮት 4፦ ታዲያ ጠቁማ! የትኛው ወረዳ ነው?

ልጅ ሸገር፦ አልናገርም። ለልጄ የልደት ሰርተፍኬት ገና እመለስበታለሁ።

ሐሳብ አቅራቢ፦ እሺ፣ ይህቺን ተረታሁ። ግን ዕጣው ባይሰረዝ ይሻል ነበር የሚል አለ?

ቆጣቢ 2005፦ አላልኩም። ቁጠባዬንም አላቋረጥኩም። አምኛቸው እንዳይመስላችሁ፤ አከራዬ ዘንድሮም ጨምሩ ብለውኛል።