ለወይራ እስክሪብቶ የትኛው ማጣበቂያ ይሻላል?

ሰላም የሙያ ወንድሞችና እህቶች። ደሴ ሆኜ በቶርኖ ከዋንዛና ከወይራ እስክሪብቶ እሠራለሁ። የተቸገርኩት የእስክሪብቶው ቀለም መያዣ የሚገባበትን የናስ ቱቦ እንጨቱ ውስጥ ማጣበቁ ላይ ነው። ዋንዛው ይይዝልኛል። ወይራው ግን ቶርኖ ላይ ሞቅ እንዳለው ቱቦው ይላቀቃል፤ ሳወጣው ማጣበቂያው በሙሉ ናሱ ላይ ቀርቶ የእንጨቱ ቀዳዳ ባዶ ነው፣ በጣት ሲነካም ቅባት ቅባት ይላል። ናሱንማ ሁሌም በብርጭቆ ወረቀት አሻክረዋለሁ።

የምጠቀመው ሱፐር ግሉ ነው። አንዳንዴ ቱቦው ግማሽ ሳይገባ ደርቆ ቀጥ ይላል፤ ክፍተት ብዙም አይሞላም፣ ሲደርቅም ተሰባሪ ነው። ነጩ የእንጨት ኮላ ናስ ስለማይይዝ ትቼዋለሁ። ሁለት ክፍሎቹ ተደባልቀው የሚሠራው ኢፖክሲ የተባለው ማጣበቂያ ክፍተት ይሞላል፤ ነገር ግን ብርድ ያዘገየዋል፣ የደሴን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ! ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል እህቴ ቤት ወስጄ ላደርቀው ሁሉ አስቤያለሁ።

ወይራ የምትሠሩ፣ ቀዳዳውን አስቀድማችሁ ቅባት በሚያነሳው በአሴቶን ትጠርጋላችሁ? የ5 ደቂቃው ኢፖክሲ ይበቃል ወይስ ቀስ ብሎ የሚደርቀው ይሻላል? ለምርቃት ስጦታ የታዘዝኩት አለ፤ በተመራቂው እጅ ላይ እንዲፈታ አልፈልግም። እባካችሁ በሥራ ያያችሁትን ንገሩኝ።