ባለ ሁለት አፍ የሽቶ ብልቃጥ፦ «ወርቅ ነው» ተባልኩ፣ ውታፉም አልወጣ አለ

ቀይ ብልቃጥ፦
ሰላም ናችሁ? ተራ የመስታወት ሽቶ ጠርሙስ ስሰበስብ ቆየሁና አሁን ልቤ በብር፣ በወርቅና በከበረ ድንጋይ ወደተሠሩት አዘነበለ። ሰሞኑን በጨረታ አንድ ገዛሁ። ርዝመቱ ከጣት ትንሽ ይበልጣል። ገላው ደማቅ ቀይ መስታወት ነው፣ ጎን ጎኑ ተቆርጦ የተወለወለ። ከላይም ከታችም ክዳን አለው። አንዱ ክዳን በጥምዘዛ ይከፈታል። ሌላኛው ትንሿን ቁልፍ ስጫናት በማጠፊያው ብድግ ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ የመስታወት ውታፍ አለ። ጉዱ እሱ ጋ ነው። ንቅንቅ አይልም!

ሻጩ «የ1750፣ ወርቅ» ብሎ ነው የጻፈው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምናወራው)። እውነት ወርቅ ነው? ውታፉንስ ሳልሰብር እንዴት ላውጣ? ውስጡ ቡናማ ነገር ደርቆበታል፣ ይታጠባል ወይስ ይተው? እግረ መንገዴን፣ አንድ የአጌት (መስመር መስመር ያለው ድንጋይ) ብልቃጥና አንድ የዝሆን ጥርስ ብልቃጥ ልግዛ እያልኩ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

አንጥረኛው፦
ልጄ፣ የሻጩን ወረቀት አስቀምጪውና አጉሊ መነፅር አንሺ። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል። የክዳኑን ከንፈርና ክዳኑ የሚቀመጥበትን የአንገት ቀለበት በደንብ እዪ። ጥቃቅን ማህተሞች ካሉ አንድ በአንድ ጻፊልን። ሳናያቸው ወርቅ ነው አይደለም ብንል ግምት ብቻ ነው።

ቀይ ብልቃጥ፦
እሺ ጋሼ፣ አየሁት። በማጠፊያው ክዳን ላይ የሚራመድ አንበሳ አለ። አጠገቡ ዘውድ የሌለው የነብር ፊት፣ የሴት ጭንቅላት በጎን፣ አንድ ፊደልና የሠሪው ስም አለ፤ ስሙ «ኤስ. ሞርዳን» ይላል። የጥምዘዛው ክዳን ላይ ግን ምንም የለም። ጠርዙ ላይ ቢጫው ተፍቆ ነጭ ይታያል።

አንጥረኛው፦
በይ እንግዲህ ነገሩ ተፈታ። የሚራመደው አንበሳ የእንግሊዝ ማህተም ነው። ከሺህ እጅ 925ቱ ንጹህ ብር ነው ማለት ነው። የነብሩ ፊት ለንደን ላይ እንደተመረመረ ይነግርሻል፤ ነብሩ ዘውዱን ያጣው በ1821 ነው። የሴቲቱ ጭንቅላት ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። የንጉሥ ወይም የንግሥት ጭንቅላት የሚመታው የብር ቀረጥ መከፈሉን ለማሳየት ሲሆን ከ1784 እስከ 1890 ብቻ ነው የተሠራበት። ፊደሏ ዓመቷን ታወጣለች። የፊደሏን ቅርጽም በዙሪያዋ ያለውን ክፈፍም ከለንደን የዓመት ፊደላት ሰንጠረዥ ጋር አስተያዪ፣ ምክንያቱም ያው ፊደል በየዙሩ ይመለሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንበሳው እስከ 1844 ድረስ በ22 ካራት ወርቅ ላይም ይመታ ነበር። ስለዚህ አንበሳ ስላየሽ ብቻ «ብር ነው» ብለሽ አትዝጊው። ያንቺ ግን ጠርዙ ላይ ነጭ ካወጣ ወርቅ የተቀባ ብር ነው። 1750 የሚለውንም እርሺው። እንዲህ ያለው ባለ ሁለት አፍ ብልቃጥ የቪክቶሪያ ዘመን ፋሽን ነው፣ በይበልጥ የ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ። ባንዱ አፍ ሽቶ፣ በሌላው ራሷን ልትስት ለምታዘነብል እመቤት የሚሸተት የአሞኒያ ጨው ይያዝበታል። ያ በቁልፍ ብድግ የሚለው ክዳንም ለዚሁ ነው፤ ሰው ሲወድቅ ማን ቁጭ ብሎ ይጠመዝዛል?

ሞርዳን ደህና ስም ነው። ሳምፕሰን ሞርዳን በ1822 ከባልደረባው ጋር የሜካኒካል እርሳስ የፈጠራ መብት ያወጣው ሰውዬ ነው። እሱ በ1843 ቢሞትም ድርጅቱ በስሙ ቀጥሏል። ወርቅ አይሁን እንጂ የተናቀ ዕቃ አልያዝሽም።

ማርዳ፦
ማህተም የሌለው ክዳንስ? እኔ እዚያ ጋ ነው የምጠረጥረው።

አንጥረኛው፦
ልክ ነህ። ትንንሽ አካል ላይ ማህተም የሚቀርበት ጊዜ አለ። ሆኖም የሁለቱን ክዳኖች ቅርጻ ቅርጽ ጎን ለጎን ማየት ነው። አበባው በአንዱ ጥልቅ፣ በሌላው የተንሳፈፈ ከሆነ፣ ቢጫውም ከቢጫው ካልገጠመ፣ ክዳኑ ከሌላ ብልቃጥ የመጣ ነው። ጥምዘዛው ያለ ማስገደድ እስከ መጨረሻ መግባቱንም እዪ።

ወለላ፦
ወደ ውታፉ ልምጣ። በፒንሳ እንዳትሞክሪው በናትሽ። ያ ወገን የጨው ወገን ስለሆነ ውታፉን ያጣበቀው ጨው ሊሆን ይችላል። ጨው ከሆነ በውሃ ይሟሟል። ብልቃጡን ግን ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፊ! የብሩ ቀለበት በመስታወቱ ላይ የተያዘው ብዙ ጊዜ በጀሶ ነው። ጀሶው ውሃ ከጠጣ ቀለበቱ ይላቀቃል፣ ያኔ ከአንድ ችግር ሁለት ችግር አመጣሽ።

እንዲህ አድርጊ። በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ አንዲት ጠብታ ለብ ያለ ውሃ በውታፉ ዙሪያ አሳርፊ። ትንሽ ቆይተሽ በጨርቅ ምጠጪው። ደጋግሚ። ካልሆነ በግሊሰሪን ቀይሪና አሳድሪው። ከዚያ በእጅሽ ሙቀት አንገቱን አሙቂና በእንጨት ማንኪያ እጀታ ውታፉን ግራ ቀኝ ቀስ ብለሽ ነካ ነካ አድርጊ። ጠንክሮ መምታት አይደለም፣ መንካት ብቻ ነው። ሲላላ ወደ ላይ ሳብ እያደረግሽ በጥቂቱ አዙሪ። ውታፉ ላይ የተቧጨረ ቁጥር ካለ አንገቱ ላይ ያለውን ፈልጊ። ብዙ ውታፍ ከራሱ ጠርሙስ ጋር ተሞርዶ የሚገጥም ስለነበር ሠራተኞቹ እንዳይምታታባቸው በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይጽፉ ነበር። ቁጥሩ ከገጠመ የራሱ ነው።

የብርሃን ልጅ፦
ለማጽዳት ቤኪንግ ሶዳና የጥርስ ሳሙና የሚያህል የለም። የእኔ የብር ጌጥ ሁሉ በሱ ነው የሚበራው።

ወለላ፦
ኧረ በስመ አብ! ለማንኪያ ይሁን። ይሄኛው ቅብ ነው፣ ቅቡም ስስ ነው። የጥርስ ሳሙና ይፍቀዋል፤ የተፋቀ ወርቅ ደግሞ አይመለስም። እንደገና አስቀብታለሁ ብትይ እንኳ የድሮው ቅብ በሜርኩሪ የተሠራ ከሆነ የአሁኑ በኤሌክትሪክ የሚቀባው መልኩ አይመስለውም። ሰብሳቢም ከሩቅ ያውቀዋል። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ብቻ። በብር ማጽጃ ፈሳሽ መንከርም ያው ነው። ኢናሜል (በብረት ላይ ቀልጦ የተጣበቀ የመስታወት ቀለም)፣ ሉል ወይም ኦፓል የሚባለው ድንጋይ ያለበት ብልቃጥ ካጋጠመሽ ደግሞ በአልትራሳውንድ ማጠቢያ (ፈሳሹን እያንቀጠቀጠ በሚያጥበው ማሽን) አጠገብ እንኳ አታሳልፊው።

የውስጡ ቡናማ የደረቀ ሽቶ ነው። በሽቶው ወገን ጥቂት ንጹህ አልኮል በጠብታ መስጫ ጨምረሽ፣ አፉን በጣትሽ ሳትደፍኚ ዘንበል ቀና አድርገሽ ድፊው። አልኮሉ ወደ ቅቡ እንዳይፈስ ቀለበቱን በጥጥ ክበቢ። ሩዝ አስገብተሽ እንዳትንጪ፣ ይጭረዋል። ትንሽ ቢቀር ይቅር። እኔ ሽታው ከቀረ ደስ ነው የሚለኝ፣ ይሄ ግን የራሴ አመል ነው።

ማርዳ፦
ስለ አጌቱ እኔ ልመልስ። መጀመሪያ አጌት በሚመስል መስታወት አትታለዪ። አጉሊ መነፅር ስታደርጊ ክብ ክብ አረፋ ካየሽ መስታወት ነው። የድንጋዩ መስመር ከጎን ወደ ጎን ሲሄድ በገላው ዙሪያ ሳይቋረጥ ይከተላል፤ የመስታወቱ ግን እንደ ቀለጠ ማር ይዞራል። አፉን ወደ ብርሃን አድርጊና ውስጡን እዪ። ድንጋይ በመሰርሰሪያ ስለሚፈለፈል ከውጭ ሰፊ ሆኖ ከውስጥ ጠባብ ነው፣ የመሰርሰሪያው ቀለበትም ይታያል። ቀለሙ ከልክ በላይ ከደመቀ ደግሞ የተነከረ ሊሆን ይችላል። ጀርመን ውስጥ ኢዳር-ኦበርሽታይን የሚባለው ከተማ ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ አጌት በማቅለም የታወቀ ነው። የተነከረ ነውር አይደለም፣ እንደ ተፈጥሮ ቀለም መሸጡ ነው ነውሩ።

አንገቱ በጣም አጭርና ሰፊ ሆኖ ከክዳኑ ሥር ትንሽ ማንኪያ ካለችው የሽቶ አይደለም። የቻይና የሱረት ጠርሙስ ነው። እሱም የሚሰበሰብ ነው፣ ገበያው ግን ሌላ ነው።

የወርቁ ክፈፍ ፈረንሣይ ከሆነ የንስር ጭንቅላት ፈልጊ። ከ1838 ወዲህ 18 ካራት ወርቅ የሚታወቀው በሱ ነው። ብሩ ደግሞ የሚኔርቫ (የሮማውያን ሴት አምላክ) ጭንቅላት አለው፤ ቁጥር 1 ከሆነ ከሺህ እጅ 950ው፣ ቁጥር 2 ከሆነ 800ው ንጹህ ብር ነው።

ከአጌት ወደ ፖርሴሊን (ነጭ ስስ ሸክላ) ከተሻገርሽም ቸልሲ በሚል ስም ተጠንቀቂ። በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለንደን ቸልሲ የተሠሩት የሰውና የወፍ ቅርጽ ያላቸው ብልቃጦች ብዙ ጊዜ ፈረንሣይኛ የፍቅር ጥቅስ አለባቸው፣ ጥቅሱም በስህተት የተሞላ ነው። ፓሪስ ውስጥ ሳምሶን የሚባል የፖርሴሊን አምራች ቤት በ19ኛው መቶ ዘመን ስህተቱንም ማህተሙንም ሳይቀር ቀድቷል። ሳምሶን ግን የተጠቀመው ጠንካራውን ፖርሴሊን ነው። የቸልሲው ለስላሳ ነው፣ ሲያዩት እንደ ቅቤ ይላል።

ቀይ ብልቃጥ፦
ተባረኩ! ውታፉ በግሊሰሪኑ ወጣ። ቁጥሩ ሁለቱም ጋ 7 ነው። የክዳኖቹ አበባ ግን አይመሳሰልም፣ ጋሼ እንዳሉት ነው። የዝሆን ጥርሱን ማንም አልመለሰልኝም።

አንጥረኛው፦
ክዳኑን አትቀይሪው፣ ብቻ ስትሸጪው ተናገሪ።

የዝሆን ጥርሱን ከሌላ አገር የምታስመጪ ከሆነ እንዳትከፍዪ። የአፍሪካ ዝሆን በ1989 በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት፣ በሳይትስ፣ በጥብቁ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ዕድሜው ቢረጅም እንኳ ድንበር ሲያልፍ ፈቃድ ይጠየቅበታል፤ ወረቀት ከሌለ ጉምሩክ ይወርሰዋል። ብሪታንያ ከ2022 ጀምሮ አገር ውስጥ መሸጡንም፣ ከጥቂት ነገር በቀር፣ ከልክላለች። በባሕር ኤሊ ቅርፊት የተለበጠውም በሳይትስ ሥር ነው። መጀመሪያ የላኪውንም የተቀባዩንም አገር ሕግ ጠይቂ። ሻጩ «ችግር የለውም፣ በፖስታ እልካለሁ» ካለሽ ሌላ ሻጭ ፈልጊ።